ከካላንደሩ ሥር የምትቀመጠው እህታችን

ለእህቴ ለሠናይት፣

ዛሬ ጠዋት የጎረቤላ ጤና ጣቢያ ሐኪም ታናሻችን ፀደንያ የፊቷን ክሬም እንድታቆም ነገራት።

በእሱ ጀመርኩ እንጂ ሰላምታዬን አልረሳሁም። እንዴት ነሽ? የቤይሩት ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽ ዕረፍት ይሰጡሻል? እኛ ከዚህ ከፀደንያ ነገር በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ፍልሰታን ይዘናል፤ ጉሙም እስከ ቀትር ከደጃችን አይነሣም። በስልክ ያልነገርኩሽ እሷ ከአጠገቤ ስለማትለይ ነው፤ ይህንን ወደዚያ በምትመለሰው በይመኙሻል እጅ ልኬዋለሁ።

ደብረ ብርሃን የምትሠራበት የውበት ሳሎን አምና ለደንበኞቹ ባደለው ካላንደር ላይ የእሷን ፎቶ ማውጣቱን ታውቂያለሽ። ፊቷን በኮምፒውተር አንጥተው፣ አፍንጫዋንም አቅጥነው እንዳተሙት ግን አልነገርንሽም። ከሥሩ የሚሸጡትን ክሬም አድርገው «ውበትሽ በእጅሽ ነው» ብለውበታል። ደንበኞች ካላንደሩንና እሷን እያስተያዩ «ይቺ ቆንጆ እህትሽ ናት?» ይሏታል። አንዷማ «እሷን ጥሪልኝ፣ እሷ ትሥራኝ» አለቻት። ይህን እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ፎቶውን ስትነሣ ክሬሙን ነክታው አታውቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጠዋት ማታ ትቀባው ጀመር።

ዓርብ ዕለት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣች። ጉንጯ ተልጦ ቀልቷል፤ ዳር ዳሩ ጠቁሯል። እማዬ «እኔ የወለድኩት ፊት ምን አጎደለብሽ?» ብላ አለቀሰች።

ካላንደሩ እኛም ቤት ተሰቅሏል። አባባ መሪጌታ ነው፤ በዓሉንም አጽዋማቱንም በቃሉ ያሰላል፣ ካላንደር ኖሮት አያውቅም። የሰቀለው ልጁ ስላለችበት ነው፤ ለመጣው ሁሉ ያሳያል። ቅዳሜ ላወርደው እጄን ብዘረጋ ፀደንያ «አስጠላሁሽ እንዴ፣ እናናዬ?» አለችኝ። ተውኩት። አሁን ከሥሩ ተቀምጣ አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ መስታወቷ ታያለች። ቆንጆ ነሽ ስላት «አንቺማ እህቴ ነሽ» ትለኛለች።

ሐኪሙ፣ ክሬሙን ስታቆም ፊቷ መጀመሪያ ጠቆር ብሎ ቀስ በቀስ እንደሚያገግም ነግሯታል። ባለ ሳሎኗ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደውላ ለአዲሱ ዓመት ካላንደር ነሐሴ 14 ፎቶ እንደምትነሣ፣ እስከዚያ ክሬሙን እንዳታቋርጥ አሳሰበቻት። ፀደንያ ለሁለቱም «እሺ» አለች። ክሬሙ ከትራሷ ሥር ነው።

አባባና እማዬ በጸሎታቸው ያስቡሻል። ባለቤቴ ታመነ እጅ ይነሣል። ልጄ ምስጋና ሰባት ዓመት ሞላት፤ ሰላም ብላሻለች። ትናንት ካላንደሩ ፊት ቆማ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ስትቆነጥጥ አየኋት። ፀደንያም ሰላም ብላሻለች፤ እንደምጽፍልሽ እንጂ ምን እንደምጽፍልሽ አታውቅም።

የፎቶው ቀጠሮ የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ነው። የደብረ ብርሃን መኪና ከዚህ ማለዳ ይነሣል። ትሂድ አትሂድ ገና አልቆረጠችም።

እህትሽ እናናየሁ
ጎረቤላ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.