ጆሮዬን ስላከክኩ ሱቄን ላዛወሩልኝ ሊቀመንበር

ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ለክቡር አቶ ቦልቴ
ወላይታ ሶዶ
ጥር 19 ቀን 2002 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ያለ እረፍት ለሚደክመው ክብ ማህተምዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስሜ ሳዲያ ነስረዲን ይባላል። አባቴ ከስልጤ መጥቶ ሶዶ ላይ ወለደኝ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ከተደረደሩት ዘጠኝ ሱቆች በሦስተኛው ውስጥ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ግሊሰሪንና የፀጉር ቅባት እሸጣለሁ። እስከ ሁለት ሳምንት በፊት ድረስ በአስተዳደር ጉዳይ ውስጥ ምንም ዓይነት ሚና አልነበረኝም።

ይህን ደብዳቤ በየሱቁ በር ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም፤ ቢሮዎ ሦስት ቀን ተመላልሼ ሦስቱንም ቀን ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲሄዱ በመንገድዎ ላይ ቆም ብለው እንዲያነቡት በማሰብ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ በቀበሌው አዳራሽ ስለ መልካም አስተዳደር ሦስት ሰዓት ሙሉ ካስረዱን በኋላ፣ ዘጠኙ ሱቆች ከመናኸሪያው ተነስተው ወደ ሁምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ባዶ ሜዳ ይዛወሩ የሚል ሐሳብ ለድምፅ አቀረቡ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ ባሉበት ቅጽበት የግራ ጆሮዬን የሚያቃጥል ዳጣ የተቀባ ይመስል በላኝ። ክቡርነትዎ ሻሽ አስረው ስለማያውቁ ላስረዳዎት፤ በሻሽ ስር ያለ ጆሮ ለማከክ ጣትን በአገጭ በኩል ማስገባትና ክርንን ወደ ላይ ማንሳት ግድ ነው። ፀሐፊዎ አቶ ቤኒ ያንን ክርን ቆጠሩት። ሐሳቡም በሃያ ሁለት ድጋፍና በሃያ አንድ ተቃውሞ አለፈ። በአንድ ክርን ብልጫ ያለፈውን ውሳኔ ቃለ ጉባኤው «በከፍተኛ የሕዝብ ድጋፍ» ይለዋል፤ ክርኔን እንዲህ ከፍ አድርጎ ያየልኝ ሰው ስለሌለ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወዲያው ተነስቼ «አልደገፍኩም፣ ያከክኩት ጆሮዬን ነው» ብዬ ብጮህም፣ አንዴ የወጣ እጅ የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ወደ ባለቤቱ አይመለስም ብለው በትዕግሥት አስተማሩኝ። እኔም ትምህርቱን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ያጠራቀምኳቸውን ቅሬታዎች እንደሚከተለው በትህትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ጎረቤቶቼ ለሦስት ቀን አኮረፉኝ። ከጎኔ ቅቤ የሚሸጡት ወይዘሮ አስካለች በአራተኛው ቀን መጥተው፣ «ሳዲያ፣ ሱቅ የሚያዛውር ጆሮ ነው ያለሽ! ለሐኪም አሳዪው እንጂ፣ ነገ ደግሞ መናኸሪያውን ያዛውራል!» አሉኝ። ሳቅን፣ ታረቅን። ያኮረፉኝ ግን ስለ ሠራሁት ሳይሆን እርስዎ ሠራች ስላሉኝ ነበርና ኩርፊያው በአድራሻዎ እንዲደርስዎ እጠይቃለሁ።

፪ኛ. ምክራቸውን ሰምቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ይህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ የእርስዎ ቆጠራ ባይኖር ኖሮ ዕድሜ ልኬን ጆሮዬን በክብሪት እንጨትና በሱቁ ቁልፍ ስጎረጉር እኖር ነበር። ሲስተር አገርነሽ በመብራት ካየችኝ በኋላ መግል የለም፣ ታምቡሩም ደህና ነው፣ ቆዳው ነው በበጋው አቧራና በሳሙና ብዛት የደረቀው አለችኝ። ከዚያ ምን እንደምቀባ ስትጠይቀኝ ሽቶ ያለውን ሎሽን ብዬ በኩራት መለስኩ፤ እሱን ነው መጀመሪያ የምትተዪው አለች። ቀጥላም ጆሮዬን ታጥቤ ገና እርጥበት ሳለው ከውጭ በኩል በውሃ የቀጠነ ግሊሰሪን በጣቴ ጫፍ ነካ እንዳደርግ፣ ግሊሰሪኑ እርጥበት እንደሚስብ፣ በላዩም ስስ ቫዝሊን ባደርግ የሳበው እንደማይጠፋ ነገረችኝ፤ ወደ ውስጥ ግን ምንም ነገር እንዳላስገባ አስጠነቀቀችኝ። የሚያምና መግል ያለው ጆሮ ከሆነ ደግሞ ቅባት ሳይነካው ወደ እሷ ይምጣ ብላለች። ክቡር ሆይ፣ አሥራ አንድ ዓመት ግሊሰሪንና ቫዝሊን ጎን ለጎን ደርድሬ ስሸጥ መድኃኒቴ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ነበር! በስድስተኛው ቀን ማሳከኩ ለቀቀኝ። ከእንግዲህ የእኔን ክርን ለማንኛውም የልማት ሥራ እንደማያገኙት ስገልጽ እያዘንኩ ነው።

፫ኛ. ይህችኛዋ ትንሽ ናት። የምትቃወሙ እጃችሁን አውጡ ባሉ ጊዜ የእርስዎም ቀኝ እጅ ጆሮዎ ላይ ነበር። በብዕር ክዳን እያከኩ ነበር፤ የፊት ረድፍ ላይ ስለነበርኩ በደንብ አይቻለሁ፣ ወይዘሮ አስካለችም ምስክር ናቸው። በራስዎ የቆጠራ ሕግ መሠረት የእኔ ክርን ድጋፍ ከሆነ የእርስዎ ክርን ተቃውሞ ነው፤ ተቃዋሚው ሃያ ሁለት ይሆንና እኩል ለእኩል እንለያያለን። ሕጉ ይቅር ካሉ ደግሞ ሁለታችንም እንወጣና ሃያ አንድ ለሃያ አንድ ይሆናል። ሒሳብ የሚችል ልጅ ቤትዎ ካለ ያሠሩት፤ በየትኛውም መንገድ ሱቆቹ አይነሱም።

፬ኛ. ሜዳውን ሄጄ አየሁት። ፍየሎች አሉ። ፍየል ቫዝሊን አይገዛም።

አሁን ቀልዱን ለአፍታ ልተወውና ያለውን ልናገር፤ ፈርቻለሁ። ከቤሌም ከቦምቤም የሚመጣው ተሳፋሪ ከአውቶቡስ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው የእኛን ሱቆች ነው፤ አቧራውን ሊታጠብ ሳሙና ይገዛል፣ ለልጁ ቅባት ይገዛል፣ ሻንጣውን አደራ ብሎ ጉዳዩን ጨርሶ ይመለሳል። አባቴ ያቺን ሱቅ የከፈታት ለዚሁ ሰው ነው። ልጄ ሰልሳቢልም የምትማረው በእሷ ነው። ያ ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ ሜዳው አይመጣም። ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ጆሮዬ መስሎኝ ነበር፤ ጆሮዬ ዳነ፣ እንቅልፉ ግን አልመጣም።

ስለዚህ የምንነሳበትን ቀን ለማጽደቅ ለመጪው ሐሙስ ከጠሩት ስብሰባ በፊት ቃለ ጉባኤው እንዲታረም፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ወደፊት በሚዘጋጀው የድምፅ መቁጠሪያ ቅጽ ላይ ከ«ድጋፍ»፣ ከ«ተቃውሞ» እና ከ«ድምፀ ተአቅቦ» ቀጥሎ «ጆሮ» የሚል አንድ ዓምድ እንዲጨመርልን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ለሰጡኝ ያልጠየቅሁት ሥልጣን፣ ለቆጠሩልኝ ያላወጣሁት እጅና ላገኙልኝ የማልፈልገው ሜዳ ውለታዎን መክፈል የማልችል፣ ዘወትር አክባሪዎ፣

ሳዲያ ነስረዲን
(ለጊዜው) ከመናኸሪያው ፊት ለፊት

ማሳሰቢያ፦ የሲስተር አገርነሽን ምክር በሱቄ በር ላይ ከለጠፍኩ ወዲህ፣ በዚያ ሐሙስ ደጋፊ ተብለው ከተቆጠሩት ሃያ ሁለት ሰዎች መካከል ሰባቱ አንድ በአንድ እየመጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለጆሮ የሚሆነውን ግሊሰሪንና ቫዝሊን ወስደዋል። ሰባቱም ድነዋል።