ከቱቦው ውስጥ የሚመልስልኝ ሰው

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለአምሐ፤ ቢቸና።

እስክሪብቶውን የያዘችው ጎረቤቴ የሺእመቤት ናት። ፊደል የቆጠረችው ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነውና ቀስ ብዬ ነው የምናገረው። ከአፌ የወጣውን ሁሉ እጽፋለሁ ብላ ምላለች፤ የቁጣ ቃል ካገኘህ በእሷ ላይ የወጣ መሆኑን እወቅ።

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምህ ተወህ ወይስ አሁንም አለ? ባለቤትህ ወለተጻድቅ ደህና ናት? ልጅህ እሙስ አደገችልህ? ዝናቡስ በወቅቱ ጣለላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ትንሽ ከብዷል፤ እሱም የመዶሻው ሥራ ነው እንጂ እርጅና አይደለም።

ሥራ አልተውኩም። አንተና እኔ የአየር መሳቢያ ቱቦ የሠራንለት ያ የተባይ መርዝ የሚቀየጥበት መጋዘን አሁን ሁለተኛ አዳራሽ ቀጥሎበታል። የመርዙን ብናኝ ከሠራተኛው አፍንጫ ሥር ስቦ በጣሪያ የሚያወጣ አዲስ ቱቦ ሥራና ከአሮጌው ጋር ግጠም አሉኝ። ሌላ ሰው መች አላቸው። ወጥቼ አሮጌውን አየሁት፤ ስፌቱ አንድ ቦታ እንኳ አልተላቀቀም። ይህን የምነግርህ አንተ እንድትኮራ ነው፤ እኔማ ድሮም አውቀዋለሁ።

ላሜራውን እዚሁ ግቢ ቆርጬ አጠፍኩት። ላሜራውን የሚሰፋው ሪቬት ከውጭ ሲመታ ግን ከውስጥ ብረት ደግፎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ዱባለ የሚባል ጎልማሳ አገኘሁ። ጠንካራ ነው፣ ሥራም አይጠላም፤ ችግሩ አይመልስም። አንተ አንድ ስመታ አንድ ትመልስልኝ ነበር፤ ፈቀቅ በል ለማለት ሁለት፣ አየር ሲያጥርህ ሦስት። ዱባለን ይህን ባስተምረው፣ ጋሽ መሸሻ፣ አፍ እያለኝ በብረት ላውራ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት አዲሱን ከአሮጌው ስናጋጥም ዱባለ ውስጥ ነበር። በአሮጌው ቱቦ የተጋገረው ብናኝ መዶሻዬ ሲያርፍበት ረገፈበት። ዝም አለ። አንተ ዝም ብትል ኖሮ መዶሻዬን ጥዬ እግርህን ይዤ አወጣህ ነበር። እሱ ግን ዝምታው ልማዱ ስለሆነ መምታቴን ቀጠልኩ። ብረቱ ከእጁ አምልጦ ሲወድቅ ነው የደነገጥኩት። ጎትቼ ሳወጣው ዓይኑ ተገልብጦ አፉ አረፋ ይዞ ነበር። ሐኪም ቤት ሰንብቶ ተነሣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አየር ጤና ሰፈር፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ ብጠይቀው፣ ጋሼ፣ ለእርስዎ የማልሆነው ነገር የለም፤ እዚያ ውስጥ ግን ከእንግዲህ አልገባም አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ቱቦው ተጋምሶ ቆሟል። የመጋዘኑ ሰዎች ግን አለቀም አላለቀም ከጥምቀት በኋላ መቀየጥ እንጀምራለን ብለዋል። እዚያ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ አፍንጫቸውን የሚሸፍኑት በነጠላ ነው። እኔ ልግባ ብል ትከሻዬ አያልፍም፤ ቢያልፍስ ከውጭ ማን ይመታል?

መሬት ላራሹ ሲታወጅ ድርሻህን ልትቀበል ስትሄድ ለአንድ ክረምት ነው ብለኸኝ ነበር። አልወቅስህም፤ መሬት መሬት ነው። አንተ ትይዘው የነበረው ብረት ግን አሁንም ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል፤ ለዱባለ የሰጠሁት ሌላ ነው። እሑድ ዕለት ብቻዬን ምሳዬን በልቼ እጄን ስታጠብ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ላሜራ ሳላስበው አንድ መታሁት። ቆሜም ጠበቅኩ። ሞኝነት ነው። የሺእመቤትን ይሄን አትጻፊ ብላት፣ ምያለሁ አለችኝ።

አዝመራህን እስከ ታኅሣሥ እንደምትሰበስብ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ በሬውም ያርፋል፣ ሰውም ያርፋል። አውቶቡስ ተራ ከደረሱ ኮልፌ ሩቅ አይደለም። እንዲሁ ነው የምነግርህ።

ወለተጻድቅን ሰላም በልልኝ፤ ቤቱ ውስጥ ቆርቆሮ ትቀጠቅጣለህ ብላ የተቆጣችኝን ረስቼዋለሁ በላት። እሙን ግንባሯን ሳምልኝ። ዱባለም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል።

ወንድምህ መሸሻ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

በይ የሺእመቤት፣ አሁን መልሰሽ አንብቢልኝ። «ና» የምትለዋ ቃል የትም ካልገባች፣ ከላይ ከስሙ ጎን ጻፊያት።