መስኮት የሌላቸው ክዳኖች

ለምወድሽና ለምታናድጂኝ ታናሽ እህቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የማይለቅ ጉንፋንሽስ ተወሽ? የራዲዮ ጣቢያው ሥራ ተስማማሽ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እማማም ደህና ናት። ሹራቧን ትሠራለች፣ በየሁለት ረድፉ ስምሽን ትጠራለች። መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ፣ የምትጠራው አንቺን! እሺ፣ ይሁን።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዘግታኝ ዛሬ ምን ነካት እንደምትዪ አውቃለሁ። የምነግርሽ ነገር ስላለ ነው፤ አንጀቴ እያረረም ቢሆን እነግርሻለሁ።

አለቃችን በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ሁለታችንንም ብየዳ ያስጨበጡን ሰውዬ፣ አዎ። የአንቴና ሳጥኖች ማስተካከያ ክፍሉን ማን ይረከብ ሲባል ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ ወገቤን የጨረስኩት እኔ ነኛ! እሳቸው ግን ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ፖስታ እጄ ላይ አስቀመጡና፣ ይህን ለእህትሽ ላኪላት፣ ክፍሉን እንድትረከብ እየጠራኋት ነው፣ ወሩ በገባ እስከ ሃያ አምስት መልስ ካልሰጠች ግን ያንቺ ነው አሉኝ። ፖስታ ቤቱ እኮ በእሳቸው መንገድ ላይ ነው። ለምን ለእኔ እንደሰጡኝ እስካሁን አልገባኝም።

ፖስታውን መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከተቃጠሉ ትራንዚስተሮች ሥር ከተትኩት። ረስቼው ነው ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ቀኑ እንዲያልፍ ነበር የፈለግኩት። ቀናሁ! እርር ድብን አልኩ! ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ለፍቼ የማገኘውን አንቺ እያንጎራጎርሽ ታገኚዋለሽ። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስልቼ፣ ትንፋሼን ይዤ የማስተካክለውን ሳጥን አንቺ ሰው እያማሽ ታስተካክዪዋለሽ። ስለ እኔ «እጇ ከመለኪያው ቀድሞ ያውቃል» ብሎ የጻፈ ሰው የለም።

በዚሁ መሐል ለወደብ አንቴና አሥራ ስድስት ሳጥኖች ታዘዙ። ያው የምታውቂያቸው ናቸው፤ የከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ምልክትን በልክ እያዘገዩ ሞገዶቹን እኩል የሚያስረግጡት። አንዱ ከተዛነፈ ሞገዶቹ መደጋገፋቸው ቀርቶ ይጠፋፋሉ። ብቻዬን ልሥራቸው ብዬ ለመንኩ። አለቃ ሳይወጡ አንድ ነገር ይዩልኝ ብዬ ነው።

ክዳኖቹን ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። ክዳኑ ላይ የበሳሻት ቀዳዳ ትዝ ትልሻለች አይደል? ሳጥኑ እንደተዘጋ፣ በእማማ የፕላስቲክ የሹራብ መርፌ ማስተካከያ ብሎኗን የምታዞሪባት። ሰዉ እስካሁን «የትንሿ መስኮት» ነው የሚላት። አንቺ ከሄድሽ በኋላም! በንድፉ ላይ ሳያት ደሜ ፈላና ሰረዝኳት። ክዳኖቹ ድፍን ሆነው መጡ፤ ደግሞ እንዴት እንደሚያምሩ!

እያንዳንዱን ሳጥን ሳይከደን አስተካከልኩ፤ የሞገዱ እርምጃ አንዲት ዲግሪ እንኳ ሳይዛነፍ። ዘጋኋቸው፣ ብሎናቸውን አጠበቅኩ፣ ለፍተሻ አቀረብኳቸው። አሥራ ስድስቱም ስተው ቁጭ! አንዱ ሰባት ዲግሪ፣ አንዱ አሥራ አንድ። ክው አልኩልሽ። የብረት ክዳን ሲጠጋ ልኩ እንደሚለወጥ ለጀማሪ የማስተምረው እኔ! መስኮቷን ለምን እንደበሳሻት ጠፍቶኝ አይደለም፤ ቅናት ዓይኔን ጋርዶት ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

አለቃ መጡ። መለኪያውን አዩ፣ ክዳኑን ገልበጥ አድርገው አዩ፣ እኔን አዩኝ። መሰርሰሪያውን አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡና ሻይ ልጠጣ ብለው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አሥራ ስድስት ቀዳዳ በሳሁ። እስከ ስምንተኛው ድረስ አንቺን እየረገምኩ ነበር። ከዚያ እንባዬ መጣና መነጽሬን እየጠረግኩ የቀረውን ጨረስኩ።

ክዳኑ እንደተዘጋ፣ በመስኮትሽ በኩል፣ በጠረብኳት ቀጭን እንጨት እንደገና አስተካከልኳቸው። ዛሬ ጠዋት ሁሉም አለፉ። አለቃ ጎበዝ አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነበር፤ ስሰማው ግን አፈርኩ።

የሄድሽ ዕለት በሰው ፊት ያልኩሽን አልረሳሁትም። ዕድል እንጂ ዕውቀት የላትም አልኩ። አንቺ ደግሞ እንደ መልስ፣ ምቀኛ አታሳጣኝ ብለሽ ስቀሽ ቦርሳሽን አነሳሽ። ያ ሳቅሽ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ፖስታው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልሽ። በፖስታ ቤት እስከ ሃያ አምስት ስለማይደርስ ለመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፤ ነገ በናንተ በኩል ያልፋል። ዛሬ ሃያ ሦስት ነው፤ እንደደረሰሽ ለአለቃ ደውዪላቸው፣ እንዳታዘገዪ። ውስጡ ምን እንደሚል እኔ በምን አውቄ። የፖስታው አፍ ሻክሮ፣ ጥቅልል ሽቦ የምናጣብቅበት ሙጫ ሙጫ ከሸተተሽ፣ መሳቢያው እርጥበት ስላለው ነው።

ስትመጪ ይዘሽው የሄድሽውን የእማማን መርፌ እንዳትረሺ፤ የእኔ እንጨት እየተሰነጠቀ አስቸግሮኛል። የአለቃን ወንበርም ዝቅ አድርጌልሻለሁ። እኔ ስሞክረው በነበረበት ከፍታ እግርሽ መሬት አይደርስም፣ ድንክዬ!

እጅሽ ይባረክ። ጥርሴን ነክሼ ነው የምመርቅሽ፤ ቢሆንም ይባረክ። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በደህና ያግባሽ።

ያላጣሽው ምቀኛ፣
ታላቅ እህትሽ