ቶሎ የሚረጋ ደም

ሐረር፣ ፈላና በር
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ብርነሽ፣

የአሥመራ ብርድ እንዴት ይዞሻል? በሆድሽ ያለውስ ይራገጣል? እማዬ ከሆስፒታል ወጥታ መስኮቱ ሥር ተኝታለች። መታመሟን እንድነግርሽ አልፈቀደችም። «እርጉዝ ክፉ ወሬ አይነገራትም» ትላለች።

አንድ እግሯ ብቻ አብጦ ነበር። የስኳሩ ነው ብላ በቅቤ ስታሳሸው ከረመች። ባቷ እንደ እሳት ሲግል ጎረቤታችን ዘምዘም እየተቆጣች ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሐኪሙ ደሟ እግሯ ውስጥ ረግቷል አለ።

«ስትቆረጡ ደማችሁ ቶሎ ይቆማል?» አላት።

እማዬ ደስ አላት። «እንዴታ! የተክለጻድቅ ዘር እኮ ነን! ቢላ ቢቆርጠን ጨርቅ አናባክንም።»

ዘምዘምም «ወላሂ፣ የእነሱ ደም እርጎ ነው!» ብላ ሳቀች።

ሐኪሙ አልሳቀም። አባቷ አባባ ተክለጻድቅም ስኳር እንደነበረባቸው፣ ደረታቸውን ይዘው በድንገት እንደሞቱ ሲሰማ፣ «ከዘር የመጣ ይመስለኛል፤ ስኳሩና ውፍረቱ ደግሞ አባብሶታል» አለ። እማዬ ያንቺን እርግዝና ስትነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። «እርግዝናም ደም ያረጋል። ልጅዎ ትመርመር።»

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ስከድን የሰው ገላ ውስጡ የጀጎል ጠባብ መንገድ ይመስለኛል። በኖራ ግድግዳዎች መካከል ቀይ ውሃ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እንጨት የጫነች አህያ መታጠፊያው ላይ ትቆማለች፤ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ይቆማል፤ ማንም አይጮህም። አንቺ ከማዶ ትታይኛለሽ። ልጠራሽ እፈልጋለሁ፤ ድምፄን ታውቂው የለ፣ አይወጣም።

ባለፈው «አንድ እግሬ አብጦ የባሌን ጫማ አጠለቅሁ» ብለሽ የቀለድሽውን ሳነብላት እማዬ ሳቀች። «ወንድ ነው! ወንድ በአንድ ጎን ይከብዳል። በቅቤ ይሹሽ ብለሽ ጻፊላት» አለችኝ። ሐኪሙ እሽት የረጋውን ነቅሎ ወደ ሳንባ ይሰደዋል ማለቱን ባስታውሳት፣ «እሱ ስለ እሽት ምን ያውቃል፣ ገና ልጅ!» አለች።

እትዬ፣ እባክሽ እግርሽን አታስነኪ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሄደሽ አሳዪ። የእናቴም እንዲህ ነበር በያቸው፣ የአያቴንም ንገሪያቸው። ብትቆጪኝም ግድ የለም፣ ብቻ ሂጂ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ፤ ደምሽንም መንገድ አታሳጣው።

እማዬ ነቃች። «ስለ ቅቤው ጻፍሽላት?» አለችኝ።

«ጻፍኩላት» አልኳት።

ታናሽ እህትሽ
ተናኘወርቅ