የተቆረጠው ሦስተኛ ሽቦ

ሰኞ፣ ሐምሌ 9፣ ከምሳ በኋላ
ልብስ ተኩሼ ጨረስኩ። ሠራተኛችን ሸዋረገድ ዕቃ ታጥባለች። ዝናብ፤ ጣራው እንደገና ያፈሳል። ግርማ በጭነት መኪና ሸክላ ማጫወቻ አስጭኖ መጣ፤ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ እንግሊዛዊ ወደ አገሩ ሲመለስ የለቀቀለት። የቆርቆሮ ሣጥን፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ። ለጃንሆይ ልደት ወረዳ ገዢውን ቤታችን ሊጋብዝበት ነው። ባሌ ደስ ሲለው እንዴት እንደሚያምር ረስቼ ነበር።
ግን ሶኬቱ ሦስት ወፍራም እግር፣ የግድግዳችን ቀዳዳ ሁለት ቀጭን። አልገባም። ደስታው እዚያው ቀረ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 11
ጋሽ ሐሰን መጡ። የወፍጮ ቤቱ ሞተር በእጃቸው ነው፤ የቤታችንንም መብራት የዘረጉት እሳቸው። ሶኬቱን ፈቱና ሦስተኛው ሽቦ ለጌጥ አይደለም አሉ። ሣጥኑ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላጥ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስደው እሱ ነው። ቤታችን የመሬት መስመር የለውም። ጓሮ ብረት ቀብረው ይዘረጋሉ፤ ደህና ሶኬትም ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ። ሁለት ሳምንት።
"እስከዚያ እንዳትሰኩት። ወላሂ፣ ይሄ ቆርቆሮ ሰው ይገድላል።"
ግርማ ከኋላቸው ሳቀ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 13
ግርማ ሶኬቱን ቆረጠው። በሽንኩርት መክተፊያ ቢላዬ። ሦስተኛውን ሽቦ ከሥሩ ቆርጦ ጫፉን በፕላስተር ጠቀለለ። ሁለቱን ራቁታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከቶ በክብሪት እንጨት ወጠራቸው። ሸክላው ዘፈነ! እውነቱን ልጻፍ፤ ድምፁ ያምራል።
ሣጥኑን ስነካ ነዘረኝ። ጉንዳን ክንዴ ላይ የወጣ ያህል። ነገርኩት። ሴት ሁሉን ትፈራለች አለኝ። ለሸዋረገድ እንኳ አትንኪው ሳልላት ቀረሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 16፣ የጃንሆይ ልደት
ጠዋት። ሸዋረገድ ወለል ታጥባለች፤ በባዶ እግሯ፣ ወለሉ ሁሉ ውሃ። ግርማ ሸክላ ከፍቶ ጢሙን ይላጫል። እሷ ሣጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ልትወለውል ያዘችው። አልጮኸችም። መልቀቅ ነው ያቃታት። ሽቦውን በመጥረጊያ እጀታ መትቼ ነቀልኩት። ወደቀች። መዳፏ። ሽታው።
መኪና ተለምኖ ወደ ደብረ ሲና ሐኪም ቤት ወሰዷት።
እንግዶቹ በሰባት ሰዓት መጡ። በሉ፣ ጠጡ። ግርማ ቀለደ። እኔም ወጥ ጨመርኩላቸው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 19
በሕይወት አለች። ከቀኝ እጇ ሁለት ጣት ይቆረጣል ተባለ።
ፖሊስ ጠየቀ። ግርማ የሚጥል በሽታ አለባት፣ እሳት ላይ ወደቀች ብሎ ፈረመ። ወረዳ ገዢው ወዳጁ ነው፤ ማን ይጠይቀዋል? ነገ አንቺም ትጠየቂያለሽ፣ ይህንኑ በይ አለኝ። ሸክላ ማጫወቻውን ደግሞ እንዳይበላሽበት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስቀመጠ። ለሸዋረገድ ብርድ ልብስ የላከላት የለም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 20፣ ስምንት ሰዓት ተኩል
የሸዋረገድ እናት እማማ የሺ ከቀወት ገጠር በእግራቸው መጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ገና ከመግባታቸው ጎንበስ ብለው እጄን ሳሙ።
"ልጄን በመኪና አሳክማችሁልኛል። እግዜር ውለታችሁን ይክፈል። እኔ እናቷ ይሄ በሽታ እንዳለባት አላውቅም ነበር።"
ግርማ አጠገቤ ቆሞ አሜን አለ። አሜን! አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ብዙ ነገር ውጬለታለሁ። ይቺን ቃል ግን መዋጥ አቃተኝ።
"እማማ፣ ልጅዎ ምንም በሽታ የለባትም" አልኩ።
ግርማ ስሜን ጠራ። አልዞርኩም። ሽቦውን፣ የጋሽ ሐሰንን ማስጠንቀቂያ፣ የነዘረኝን፣ ሁሉን ነገርኳቸው። አላለቀሱም። እጃቸውን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብለው አወጡ።
"ታዲያ አንቺ ታውቂ ነበር?"
አውቅ ነበር አልኩ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፖሊስ ጣቢያ እጠበቃለሁ። እዚያም ይህንኑ እላለሁ፤ ግርማ ከቤት ቢያስወጣኝም እላለሁ። እማማ የሺ ወደ ጣቢያው ቀድመውኝ ሄደዋል። አብረን እንሂድ ብላቸው ዞረውም አላዩኝ።