ማማው ላይ የተውኩት ድምፅሽ

ይድረስ ለባለቤቴ ለዝናሽ፣

ሰባ ስድስት ሞላኝ። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ውሃ ከምንጩ ራሴ አመጣለሁ፤ ጀሪካኑን አሁን በግማሽ ነው የምሞላው፣ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሸሚዜን አጥባለሁ፣ የወለቀ ቁልፍ እተክላለሁ። ሽሮ እሠራለሁ፤ ያንቺን አይመስልም እንጂ ይበላል። ይህንንም ደብዳቤ ማንንም ሳላስጽፍ፣ በመሠረተ ትምህርት በለመድኳት ፊደል እየጻፍኩት ነው። ከጀመርኩት ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ፊደሌ ከተጣመመ እንደ ድሮሽ ሳቂብኝ፤ ዛሬ አልቆጣም።

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። በመጋቢት ነው የሄድሽው። አሁን ኅዳር ነው፤ ቡናው ቀልቷል፤ ዝናቡም እንደ ልማዱ እየተመላለሰ ነው። በምድጃው በኩል ያለው ጣራ ያፈሳል። ድመቷ ጥላኝ ጎረቤታችን አስካለ ቤት ገባች። ከጓሮ የተከልሻቸው ሦስቱ እንሰቶች ደርሰዋል፤ የሚፍቃቸው ስለሌለ ዝም ብለው ቆመዋል። ጧት ስወጣ አያቸዋለሁ፣ እነሱም ያዩኛል፣ እንተላለፋለን።

ልጃችን ምሕረት ሚዛን ከተማ ማስተማሯን ቀጥላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ስትመጣም አንድ ነገር ነው የምታወራው፤ «አባዬ፣ እኔ ጋ ውረድ» ነው። እኔም «ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው» እላታለሁ። ጭቃውን አንቺና እኔ በእግራችን ረግጠን የሠራነው ቤት ነው፤ ዘግቼው ልሂድ እንዴ? አሁን ግን ነገሩ ሌላ ሆኗል። የምጽፍልሽም ለዚያ ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጀመሪያው ቡና ሲቀላ ዝንጀሮው ወረደብኝ። ከጫካው ዳር እስከ ምንጩ ያለውን ሙልጭ አድርጎ በላው። ሰው ሁሉ ዝንጀሮ ወንድ ነው የሚፈራው፣ ሴትን ይንቃል ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ለካ እኛ ማሳ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ኖሯል። አርባ አንድ ዓመት ማማው ላይ የወጣሽው አንቺ ነሽ። ዝንጀሮዎቹ የሚያውቁት ያንቺን ድምፅ ነው። እኔን የት ያውቁኛል? ቡናው በቀላ ቁጥር «ዋጋ ልጠይቅ» እያልኩሽ ከተማ ጠጅ ቤት ነበርኩ።

ምሕረት የተራቆተውን ማሳ አይታ አለቀሰች። «የዘንድሮው አልፏል። በሚመጣው ዓመት ግን ግማሹን ከበላብህ ቤቱን ዘግተህ ትመጣለህ። ቃልህን ስጠኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። ታውቂኛለሽ፣ ቃል የምሰጠው አሸንፋለሁ ብዬ ነው።

መስከረም ላይ ሚዛን ወርጄ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ሱቅ ገባሁ። ወንጭፍ ማንሳት ክንዴ እምቢ ብሎኛል፤ ስለዚህ በኔ ፈንታ የሚጮህ ነገር ልገዛ ነው። ባለሱቁ ባለ ሚሞሪ ማጫወቻ ዓይነት በዓይነት ደረደረልኝ። አንዱ እንደ ሰርግ ቤት ይብለጨለጫል። አንዱ መስታወት አለው፤ በመስታወቱ ላይ ደቃቅ የፈረንጅ ፊደል ይሮጣል፣ እኔ የአማርኛውንም እየተደናቀፍኩ ነው የማነበው። አንዱ ደግሞ ከክብሪት አይበልጥም፣ ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ገመድ አለው። «አባባ፣ ይኼ ለብቻህ ነው። ማንም አይሰማብህም» አለኝ።

«ጫካ ድረስ የሚሰማ ስጠኝ» አልኩት።

«ለማን ልታሰማ ነው?»

«ለዝንጀሮ።»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። «ታዲያ ዝንጀሮው ምን ዓይነት ዘፈን ይወዳል፣ አባባ? ልጫንለት?» አለኝ። እኔ አልሳቅኩም። እያንዳንዱን አስከፍቼ፣ በር ድረስ እየወጣሁ፣ መንገዱን ተሻግሬ ቆሜ አዳመጥኩ። የመረጥኩት ጥቁር ነው፣ የግማሽ ጡብ ያህላል፣ ሦስት ትልልቅ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ድምፅ ይጨምራል፣ አንዱ ይቀንሳል። ዓይኔ ቢደክም በአውራ ጣቴ ዳብሼ አገኘዋለሁ ብዬ ነው የወደድኩት። ባለሱቁ ባለቀ ቁጥር ከመጀመሪያው እንዲደግም አድርጎ አስተካከለልኝ፤ ሳልጠይቀውም ዘፈን ሞላበት። በሲባጎ አስሬ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ጋሽ ታደሰ ዲጄ ሆነ!» አለ። ይበሉ።

ዘፈኑ አልሠራም። ማማው ላይ ከፍቼ ብቀመጥ ዝንጀሮዎቹ እንደ ሰርገኛ ተደርድረው እየሰሙ በሉ። አውራው፣ ያ ጆሮው የተቆረጠው፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የበላው።

ያኔ ነው ሚሞሪሽ ትዝ ያለኝ።

ታመሽ የተኛሽበትን የቡና ወራት ታስታውሺያለሽ? ማማው ላይ መውጣት አቅቶሽ ምሕረትን ስልክሽን አስይዘሽ አልጋ ላይ ሆነሽ ጮህሽ። ዝንጀሮ የምታባርሪበትን ጩኸት በሙሉ፣ በእናትሽ ቋንቋ፣ በቤንችኛ። ከዚያ «ይኼን ይዘህ ውጣ፤ እኔን ያውቁኛል» አልሽኝ። እኔ ምን አልኩ? «የሚስቴን ጩኸት በኪሴ ይዤ የምዞር ሰው ነኝ እንዴ?» ብዬ ሳቅኩብሽ። አንቺ አልሳቅሽም፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዞርሽ። ሚሞሪዋን ከስልኩ አውጥተሽ የነጠላሽ ጫፍ ላይ ቋጥረሽ ነበር። ነጠላሽን ለማንም አልሰጠሁም፤ ቋጠሮውም እንዳለ ነበር። ለመፍታት ጥርሴን ተጠቀምኩ።

ማጫወቻው ውስጥ ሰክቼ ከፈትኩት። መጀመሪያ የዶሯችን ጩኸት ተሰማ፤ ያ ቀዩ፣ አሁን የለም። ከዚያ አንቺ መጣሽ። አርባ አንድ ዓመት አብሬሽ ኖሬ ከቤንችኛሽ ያወቅኩት ስድቡን ብቻ ነው፣ እሱ እንኳ አንድም አልቀረሽም። አውራው ዝንጀሮ የያዘውን ጥሎ ብድግ አለ። ግራና ቀኝ እያየ ፈለገሽ። እኔም ዞሬ አየሁ፣ ዝናሽ። አልዋሽሽም፣ እኔም ዞሬ ፈለግኩሽ። ከዚያ መንጋው እንዳለ ጫካ ገባ።

መጨረሻው ላይ ስትስይ ይሰማል። ከሳሉ በኋላ በአማርኛ ትጠሪኛለሽ፤ ማማው ላይ ሆነሽ ተካኝ ለማለት በየቀኑ እንደምትጠሪኝ፤ «አንተ ታደሰ! ኧረ ታደሰ!» ትያለሽ። ከዚያ ለምሕረት «በቃኝ፣ ዝጊው» ትያታለሽ። እዚያ ላይ ያልቅና ዶሮው እንደገና ይጮሃል።

በሕይወት ሳለሽ ስትጠሪኝ አንድም ቀን አቤት ብዬ አላውቅም። ሰምቼ እንዳልሰማ እሆናለሁ፤ ሲደጋገም «ምንድን ነው?» እላለሁ። ወንድ ልጅ ለሚስቱ አቤት አይልም ብለው ነው ያሳደጉኝ። አምኜ አረጀሁ።

ሁለት ሳምንት ደግ ሰነበትን። ጧት አንቺን ይዤ ወጣሁ፣ ማታ ይዤሽ ገባሁ። ዝናብ እንዳይነካሽ በፌስታል ጠቀለልኩሽ። ባትሪውን በሶላሩ ሞላሁ። ቡናው እየቀላ ሄደ፤ የነካውም አልነበረም። ምሕረት መጥታ አይታ «አባዬ፣ አሸነፍከኝ መሰለኝ» አለች። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ፤ ሌላ ሰው ከሚነግርሽ እኔ ልንገርሽ። ማጫወቻውን ማማው ላይ አስሬ ከፈትኩና ከተማ ወረድኩ። እሱ ራሱ ይደጋግማል፣ እኔ ምን አስቀመጠኝ ብዬ። ጠጅ ቤት ገባሁ። በማግስቱም ወረድኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጧት እየከፈትኩሽ ወረድኩ። አንቺን ማማ ላይ ትቼ እኔ ከተማ፤ እንደ ድሮዬ።

በስምንተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ስመለስ አስካለ መንገዱ ላይ ቆማለች። የተሸከመችውን ጎደሬ መሬት አውርዳ ታለቅሳለች። ጎረቤት ብቻ እንዳልነበረች ታውቂያለሽ፣ እህትሽ ማለት ናት። ምን ሆንሽ ብላት እንዲህ አለችኝ፤

«አንተ ሰውዬ፣ ሞታም ታስጠብቃታለህ? አሁን እንኳ አታሳርፋትም?»

አልጨረሰችም። «ከጧት ጀምሮ ትጠራሃለች፤ የሚመልስላት የለም። እኔ አቤት ልበላት አልኩና አፈርኩ» አለችኝ። ጎደሬዋን አንስታ ሄደች።

ወደ ማሳው ገባሁ። አንቺ ትጮሂያለሽ። አውራው ዝንጀሮ ማማው ላይ፣ ካንቺ ድምፅ አጠገብ ተቀምጧል። ከሰበረው ቅርንጫፍ ላይ ቀዩን ቡና እየለቀመ ይበላል። እግሩን አንጠልጥሏል። መንጋው ከሥሩ ተበትኖ በሰላም ይግጣል። አንቺ «አንተ ታደሰ! ኧረ ታደሰ!» ስትይ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «በቃኝ» አልሽ። ዶሮው ጮኸ። እንደገና ጀመርሽ።

ለምደውሽ ነበር፣ ዝናሽ። በሕይወት ያላለመድሻቸውን እኔ በሦስት ሳምንት አስለመድኳቸው። አንቺ ስትጮሂ ድንጋይ ይከተላል፣ ቆርቆሮ ይከተላል፣ ራስሽ ከማማው ዘለሽ ትወርጃለሽ። ከኔ ማጫወቻ በኋላ ግን ምንም አይመጣም። ይህን ዝንጀሮ ሲያውቅ እኔ አላወቅኩም።

የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ሁለት ቀን በፊት ጧት ማማው ሥር ቁርሴን እየበላሁ ነበር። በልቼ ስነሳ ድምፅሽ ሦስቴ መጥቶ መሄዱን አወቅኩ፤ አንዱንም አልሰማሁትም። እኔም እንደ ዝንጀሮው ለምጄሽ ነበር። መጀመሪያ ቀን ዞሬ የፈለግኩሽ ሰውዬ ከሃያ ቀን በኋላ እንጀራውን እየጎረሰ አለፈሽ።

ድንጋይ ወርውሬ ማማው ላይ ወጣሁ። ሲባጎውን ፈትቼ ዘጋሁት። ቡናውን ዞሬ ሳየው የቀረው ከግማሽ በታች ነው። ደጋግሜ ዞርኩት። አላደገም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጮኸው እኔ ነኝ። መሰላሉን ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል። ድምፄ የተሰነጠቀ ነው፤ እስከ ምንጩ እንጂ እስከ ጫካው አይደርስም። ስለዚህ እጮሃለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ቆርቆሮ እየመታሁ እሮጣለሁ፣ ሩጫ ከተባለ። አውራው መጀመሪያ ንቆኝ ነበር፤ ትናንት ግን አንዴ ሸሸኝ። ዝናብ ይመታኛል። ቀኑ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ከማማው ላይ የከተማው መንገድ ወለል ብሎ ይታያል፤ ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ማን እየተንገዳገደ መጣ፣ ሁሉም ይታያል። አርባ አንድ ዓመት ታዪኝ ነበር ማለት ነው። አንድም ቀን አልተናገርሽኝም።

እንግዲህ ዕዳዬን ልንገርሽና ልጨርስ። የሰው ገንዘብ የለብኝም፣ ታውቂያለሽ። ያለብኝን ግን ማንም አይከፍልልኝም፤ ምሕረትም ትክፈልልኝ አልልም። ራሴ ነኝ የምከፍለው።

የቀረውን ቡና የመጨረሻዋ ፍሬ እስክትለቀም በራሴ ጉሮሮ እጠብቃለሁ።

ምሕረት ቅዳሜ ትመጣለች። በስልክ ሁሉም ደህና ነው ብያታለሁ፤ ዋሽቻታለሁ። ማሳውን ሳታይ በር ላይ ቆሜ እነግራታለሁ። ቃሌን አላጥፍም። ጥር ላይ ቤቱን ዘግቼ እወርዳለሁ። ሬሳዬ ነው የሚወጣው ብዬ ስፎክር ሰምተሽኛል፤ እንግዲህ በእግሬ እወጣለሁ። ከመዝጋቴ በፊት ጣራውን እጠግናለሁ። ቤታችንን እያፈሰሰ ጥዬው አልሄድም።

አስካለን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ከሁሉ ይከብደኛል፤ ታውቂያታለሽ፣ ቶሎ አትምርም። ሦስቱን እንሰት ፍቀሽ ውሰጂ እላታለሁ። አጠገቤም አስቀምጬ፣ ቋንቋው የሷም ነውና፣ ከማማው የሰማችውን ቤንችኛሽን ቃል በቃል አስተረጉማታለሁ። አልስቅም።

ማጫወቻውን ለምሕረት እሰጣታለሁ፤ የፈለገችውን ትሰማበት። ሚሞሪሽ ግን ተመልሳ ነጠላሽ ጫፍ ላይ ተቋጥራለች። አልከፍታትም። እንዳልረሳሽ ብዬ ነው የማልከፍታት፤ በየቀኑ ስሰማሽ እንዴት እንደረሳሁሽ አይቻለሁና።

የመጨረሻው ዕዳ የመጋቢት ነው። ቀንሽ ሲደርስ ማጫወቻውን ከምሕረት ተውሼ፣ ነጠላሽን ይዤ፣ ብቻዬን ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ እመጣለሁ። መቃብርሽ አጠገብ ቁጭ ብዬ ድምፁን ቀንሼ አንድ ጊዜ ብቻ እከፍተዋለሁ። በየዓመቱ፣ እግሬ እስከቻለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ዶሮው ይጮሃል፤ ዝንጀሮዎቹን ትሳደቢያለሽ፤ ትስያለሽ። «አንተ ታደሰ!» ስትይ፣ «ኧረ ታደሰ!» እስክትይ ሳልጠብቅ፣ «በቃኝ» ሳትይ፣ ቆቤን አውልቄ እመልስልሻለሁ።

አቤት፣ ዝናሽ።