ተጎትቶ አይወጣም

ሰኞ

ዛሬም አልተነሳም። ታናሽ ወንድሜ ምናሴ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ እኔ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። አንድ ጊዜ "ጭ" አለና ዝም። ወገቤ ተቆርጧል። የመንዳት አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚማሩ ልጆች ፍሬን በረገጡ ቁጥር ስናጥ እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ቀጥታ ነፋስ ስልክ፣ እማማ ዘነበች ግቢ።

መኪናውን ከገዛሁት ገና ሳምንቱ ነው። የጣሊያን ሥሪት፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያው የሚታጠፍ ስፖርት መኪና። ቀይ ነበረ ይላሉ፤ አሁን የከረመ በርበሬ መስሏል። የእማማ ባለቤት ጋሽ መኮንን ከማረፋቸው በፊት አጥሩ ጥግ አቁመውት፣ ከዚያ ወዲህ ሸራ ለብሶ ኖረ። ወንበሩ ላይ ዶሮ ታቅፋለች።

ለምን ገዛሽው የማይለኝ ሰው የለም። ዕድሜዬን በሙሉ ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሌላ ሰው ሲነዳ ሳይ ኖርኩ። አንድ ጊዜ እንኳ በግራ በኩል ተቀምጬ የራሴን መሪ መያዝ አማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ለምናሴም ይህንኑ ነግሬው ስቆብኛል።

እማማ ሲሸጡልኝ አንድ ቃል ብቻ አስገቡኝ። "መኮንን በእግሩ ነው ያስገባው። በእግሩ ይውጣ። እንደ ሬሳ ተጎትቶ ከዚህ ግቢ አይወጣም፣ ልጄ።" እሺ አልኩ። ያኔ ቀላል መስሎኝ ነበር። ግቢው ግን ለመንገድ ሊፈርስ ነው። ቅዳሜ እማማ ዕቃቸውን ጭነው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ይገባሉ፤ በማግስቱ አፍራሾች ይመጣሉ። እስከዚያ ካልተነሳ ወይ ቃሌን እበላለሁ፣ ወይ መኪናው ፍርስራሽ ስር ይቀራል።

ማክሰኞ

ሞተሩ ነክሶ፣ አልዞር ብሎ ነው የቆየው። ምናሴ ትናንት ካንዴላዎቹን ፈትቶ ዘይት አፍስሶበት ነበር። ዛሬ ማርሽ አስገብተን ከኋላ ገፋነው። እምቢ አለ። ደግመን ገፋን። ድንገት የሆነ ነገር ለቀቀና ሞተሩ ዞረ። አልተነሳም፣ ዞረ ብቻ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። እንዲህ በትንሽ ነገር ማልቀስ ከጀመርኩ መድከሜ ነው።

የሚሠራ፦ የግራ መብራት፣ ክላክስ፣ የዶሮዋ ጉሮሮ።
የማይሠራ፦ ሌላው ሁሉ። ፍሬኑ ግማሽ በግማሽ፣ ጎማዎቹና ባትሪው ከምናሴ ጋራዥ በውሰት።

ክላክሱን ስሞክረው እማማ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ከቤት ወጡ። ጋሽ መኮንን በር ክፈቱ ለማለት እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት አሉ፣ አንድ ረዥም፣ አንድ አጭር። ደግሜ ሳደርግላቸው ቆመው አዳመጡና ወደ ቤት ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሻይ ተላከልን።

ረቡዕ

ቤንዚን በጀሪካን አይሸጡልንም፣ ስለዚህ ከምናሴ መኪና በቱቦ ቀዳን። አፉ ውስጥ ገብቶበት ሲተፋ አመሸ። አዲሱን ከመጨመራችን በፊት በነዳጅ ታንከሩ ውስጥ የከረመውን እናውጣ ብለን ከስር ፈታነው።

ውሃ ወጣ። ሻይ የመሰለ ዝገት ያዘለ ውሃ። ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ የቤንዚን ሽታ እንኳ የለውም። ምናሴ ባትሪ አብርቶ ወደ ውስጥ አየና ታንከሩ አልቆለታል አለኝ፣ ዝገቱ በጣት ይነሳል። ዝናብ ነው እንዳንል ክዳኑ ጤነኛ ነው። ሰው ነው የጨመረው።

ወዲያው የመጣብኝ ሐሳብ ብሩክ ነው። የእማማን ሰርቪስ ቤት የተከራየው የታክሲ ረዳት ነው። ከእኔ በፊት መኪናውን ሽጡልኝ ብሎ እማማ እምቢ ብለውታል። ቧንቧው ጋ እግሩን ሲታጠብ አገኘሁትና ውሃውን የጨመርከው አንተ ነህ ወይ አልኩት። ሰው እየሰማ። ቀና ብሎ "እኔ?" አለና እግሩን ሳያደርቅ ወደ ቤቱ ገባ። ልክ ነኝ ብዬ ነበር የሄድኩት። ታክሲ ውስጥ ግን ያ "እኔ?" ያለው አልለቀቀኝም።

ሐሙስ

በጠዋት ከሥራ በፊት ብቅ ስል ብሩክ የግቢው በር ላይ ጠበቀኝ። ሥራ ቀርቶበት ነው የቆመው። ድምፁን ሳያነሳ፣ "እኔን ከመጠየቅሽ በፊት እማማን ብትጠይቂ ጥሩ ነበር" አለኝ። "በየወሩ ለገብርኤል ብስራተ ገብርኤል ሄደው ጠበል ሲቀዱ የምሸከምላቸው እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

እማማን እንደ ቀልድ አድርጌ ጠየቅኋቸው። አልደበቁም፣ እንዲያውም ደስ እያላቸው ነገሩኝ። ጠበሉን ሲያመጡ መጀመሪያ መኪናውን ዙሪያውን ይረጩታል፣ ከዚያ ክዳኑን ከፍተው አንድ ኩባያ ያጠጡታል። ጋሽ መኮንን ሲያጠጡት ያዩት በዚያ በኩል ነዋ። "እሱ ካረፈ ማን ያጠጣዋል?" አሉኝ። "ጠበል የጠጣ ነገር አይበላሽም። ይኸው ለአንቺ ቆየልሽ።"

ደግ አደረጉ አልኳቸው። ምን ልበል? እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ጠበል ከቤታችን ገብቶ አያውቅም። ግን እኚህ ሴትዮ ያን ሁሉ ዓመት አስፋልት ተሻግረው፣ ቁልቁለት ወርደው፣ ባላቸውን የሚያስታምሙ መስሏቸው ታንከሩን በዝገት አስበልተውታል። ይህን ነገር በአፌ ማውጣት አልችልም።

ብሩክን ይቅርታ ጠየቅኩት። ይሁን አለ። ፊቱ ግን አልተፈታም፣ እውነቱንም ነው።

ምናሴ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ተናደደ። ነገ እማማ ደብሩን ሊሰናበቱ ይሄዳሉ፤ እሳቸው ሳይኖሩ ጎትተን እናውጣው፣ ሲመለሱ ተነስቶ ሄደ እንበላቸው አለኝ። እምቢ አላልኩም። አስብበታለሁ አልኩ።

ዓርብ

እውነቱን ልጻፍ። ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

እማማ ወጡ። የምናሴ ጓደኛ ፒካፑን በር ላይ አቆመ። ደክሞኛል፣ እጄ ዘይት ዘይት ይላል፣ ትናንት አንዷ ተማሪዬ ግንብ ልታስገባኝ ነበር። ልገላገለው አልኩና ተንበርክኬ ገመዱን ከፊት አሰርኩ። መሪውን ለመያዝ በሩን ስከፍት የቀኙን ወንበር አየሁት። የዶሮዋ ጭድ ተጠርጓል። ነጭ የታጠበ አንሶላ በአራት ታጥፎ ተነጥፎበታል።

እማማ አብረውኝ ሊወጡ ኖሯል ያሰቡት። እኔን እንኳ አልጠየቁኝም፤ ይህ የሚጠየቅ ነገር አልመሰላቸውም።

ገመዱን ፈታሁት። ምናሴ የልቡን ተናገረኝ፤ ሁሉንም አልጽፈውም። ራስ ወዳድ ነሽ ያለውን ግን ይዤዋለሁ። ፒካፑ ሄደ። ምናሴም የሚሄድ መስሎኝ ነበር፣ አሮጌው ጎማ ላይ ተቀመጠ። ለራሱ እንደሚያወራ፣ "ታንከሩ ምን ያደርግልናል?" አለ። "እንርሳው።"

ከታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ ቆርጠን ደፈንነውና ታንከሩን ባለበት ተውነው። የቤንዚኑን ጀሪካን ከወንበሮቹ ኋላ ከፍ አድርገን በገመድ ጠፍረን፣ በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ካርቡራተሩ አወረድነው። ሲያዩት የሚያምር ነገር አይደለም። ምናሴ ማንም እንዳያይብኝ አለ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ሳለ። ጥቁር ጭስ ተፋ። ትንሽ ሠራና ጠፋ።

ጠፋ ከምል አጠፋነው ብል ይሻላል፤ እማማ እየመጡ ነበር። የመጀመሪያውን ድምፅ ነገ ይስሙት። ቢነሳ።

ቅዳሜ

ዕቃው በጠዋት ተጭኖ አለቀ። የሰው ዕድሜ በአንድ አይሱዙ ይሞላል፣ ያውም ሳይሞላ።

እማማ ነጭ ለብሰው ወጡ። በእጃቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል። ትናንት የቀዱት ነው። "ለመንገዱ" አሉና ወደ መኪናው ኋላ ሄዱ። ምናሴ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ ሄጄ ክዳኑን ራሴ ከፈትኩላቸው። ጠርሙሱንም ደገፍኩላቸው። ጠበሉ እየተንዶቀዶቀ ወደ ባዶው ታንከር ገባ። እናቴ ብታየኝ ምን ትል ይሆን እያልኩ ነበር። አላፈርኩም ግን።

ገቡ፣ አንሶላቸው ላይ ተቀመጡ። ቁልፉን አዞርኩ፣ የለም። ደገምኩ፣ የለም። ተከራዮቹ ሁሉ በየበራቸው ቆመዋል። እማማ ወደ ፊት እያዩ ነው፣ አንዴም ወደ እኔ አልዞሩም። እባክህ ጌታ ሆይ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሦስተኛው ላይ ተነሳ። ግቢው ጢስ በጢስ ሆነ። እማማ ከፊታቸው ያለውን ክሩስኮቶ በመዳፋቸው ያዙት፣ የሰው ግንባር እንደሚነካ።

በሩን የከፈተልን ብሩክ ነው። መሀል መንገድ ወጥቶ መኪኖቹን አስቆመና በእጁ "ነይ፣ ነይ፣ ነይ" አለኝ፣ ልክ ታክሲው ላይ እንደሚያደርገው። አጠገቡ ስደርስ ኮፈኑን ሁለቴ መታ መታ አደረገ። በሩን ስናልፍ ክላክሱን አሰማሁ፣ አንድ ረዥም፣ አንድ አጭር። እማማ ያለቀሱት ያኔ ነው።

እስከ ጀሞ በሁለተኛ ማርሽ። ሚኒባሶቹ በሙሉ ሰደቡን። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር እማማ በቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣሉ፤ ዕድሜዬን በሙሉ እኔ የረገጥኩትን ቦታ። ሳቄ መጣ፣ ማቆም አቃተኝ። አዲሱ ቤታቸው በር ላይ ስናቆም ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ "አየሽ? ጠበሉ ነው" አሉ።

"እሱ ነው፣ እማማ" አልኳቸው።

ከወረዱ በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ አንቺም ጀሞ ነሽ፣ አሁንማ ጎረቤት ሆንን፣ በየወሩ ለገብርኤል እየመጣሁ አጠጣልሻለሁ አሉኝ።

ምናሴ ማታ ደወለ። ሌላ ታንከር አግኝቷል፣ ሰኞ አሮጌውን አውጥቶ ይገጥምልኛል። አዲሱን ታንከር ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ግጠመው፣ አሮጌውን ከነክዳኑ ባለበት ተወው አልኩት። ለምን ይጠቅማል አለ።

ዝም ብለህ ተወው አልኩት። ከስር ብቻ ቀዳዳ አበጅለት፣ ጠበሉ እንዲፈስ።